የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ሕይወት፣ ሙያና ሀብት

ከ75 ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ከተማ ገንዘቡን ከፍሎ ቴአትር ለማየት የገባ ሰው፣ በመድረኩ ላይ እናት፣ ሚስት፣ እኅት ወይም ሙሽራ ሆነው የሚያያቸው ሁሉ ወንዶች ነበሩ ቢባል ለእኛ ለዛሬዎቹ ተማሪዎች ተረት ይመስለናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ጐልማሳ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይወጣ ነበር። ተመልካቹም ወንድ መሆኑን እያወቀ እንደ ሴት ይቀበለው፣ ሲያለቅስ አብሮ ያለቅስለት ነበር። ይህ ልማድ እንዲቀር በር ከከፈቱት ሴቶች መካከል ስማቸው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው።

እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ተማሪዎች የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ከመካከላችን አርበኛ የመረጠ ነበር፤ እግር ኳስ ተጫዋች የመረጠም ነበር። ነገር ግን በቴሌቪዥን ስለምናያቸው ተዋናዮች ኑሮ፣ ስለ መኪናቸውና ስለ ቤታቸው መጨዋወት ሁላችንንም ደስ ስለሚለን፣ እንግዲያውስ የዚህ ሙያ ሥሩ የት እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹም ከሙያቸው ምን እንዳተረፉ እንመርምር ብለን ወደ ወይዘሮ አስናቀች ታሪክ ደረስን። ሕዝቡ በፍቅር አስኒ፣ አንቺ እያለ ይጠራቸዋል፤ ለዘፋኝና ለተዋናይ አንቱ ማለት በአገራችን ብዙም አልተለመደም። እኛ ግን በዕድሜ የልጅ ልጆቻቸው ስለምንሆን አንቱታውን መርጠናል።

ወይዘሮ አስናቀች የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተማ ስድስት ኪሎ በሚባለው ሰፈር ነው። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። የኢጣልያ ጦር አገራችንን ለመውረር በድንበር ላይ ይሰበሰብ ነበርና፣ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ እርሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተፈጀው ሕዝብ መታሰቢያ ሐውልት ዛሬ የቆመው እርሳቸው በተወለዱበት በዚያው በስድስት ኪሎ ነው። በልጅነታቸው እናታቸው ስለ ሞቱባቸው የክርስትና እናታቸው ወስደው አሳደጓቸው። የሙት ልጅን የክርስትና እናት ማሳደጓ በአገራችን የቆየ ወግ ነው፤ በእኛም በመንዝ እንዲህ ያደጉ ሰዎች በየቤቱ ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለች ልጅ የሚታሰብላት ዕድል አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጥጥ መፍተልና እንጀራ መጋገር ተምራ፣ ባል ሲመጣላት መዳር ነው።

እርሳቸው ግን ልባቸው ወደ ክራር አዘነበለ። ክራር ማለት፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ በገበቴ ላይ ቆዳ ተወጥሮ፣ ሁለት ቋሚና አንድ ቀንበር ተገጥሞለት፣ 5 ወይም 6 ክር የሚወጠርበት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ታላቅ ወንድሙ በገና 10 አውታር ያለውና ለመዝሙር የተለየ በመሆኑ ዳዊት የደረደረው እየተባለ ይከበራል። ክራር ግን የጠጅ ቤትና የፍቅር ዕቃ ነው ተብሎ በብዙ ጨዋ ቤት ደጁን እንዳያልፍ ይደረግ ነበር፤ የሰይጣን ዕቃ የሚሉትም አልጠፉም። ሴት ልጅ ስትይዘውማ ነገሩ የባሰ ነው። ወይዘሮ አስናቀች ይህን መሣሪያ የተማሩት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ሳይሆን በራሳቸው ጥረት መሆኑ እጅግ ያስደንቃል። ክራር የነካካ ሰው ያውቀዋል፤ ጣት ከመልመዱ በፊት ጆሮ መልመድ አለበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት 4 ቅኝቶች እያንዳንዳቸው ክሮቹን እንደ ገና ማጥበቅና ማላላት የሚጠይቁ ስለ ሆኑ፣ አንዲቱ ክር ጥቂት ብትረግብ ትዝታው ትዝታነቱን ያጣል። መጽሐፍ የሌለውን ትምህርት ብቻን መማር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ አንባቢ ይገምተው።

እዚህ ላይ ስለ አዝማሪ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የወይዘሮ አስናቀች ድፍረት ምን ያህል እንደ ነበረ አይገባም። በአገራችን አዝማሪ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ ወገን ሠርግ ያለ እርሱ አይደምቅም፤ በዘመቻም ጦሩን የሚያጀግን እርሱ ነው። መኳንንቱ እንኳ ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ሲፈልጉ አዝማሪ ምን አለ ብለው ያስጠይቁ ነበር። በሌላው ወገን ግን ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪው ጋር እየተቈጠረ ይናቃል፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባላባት አይገኝም ነበር። ሙያውን እየወደዱ ባለሙያውን መናቅ የሚሉት ይህ ነው። በመድረክ ላይ ወጥቶ ሌላ ሰው መምሰል ደግሞ ከዚህም የከበደ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ሴት ልጅ በብዙ ሰው ፊት የሌላ ወንድ ሚስት ሆና ስትታይ አባትና ወንድም ምን ይላሉ?

ቴአትርም ቢሆን በአገራችን ገና ወጣት ነበር። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጻፉ የሚባሉት ከእኛው ከሰሜን ሸዋ የተገኙት ፊታውራሪ በኋላም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩሲያ አገር የተማሩ፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለው ድርሰታቸው በ1910ሮቹ መጀመሪያ ላይ በመኳንንቱ ፊት ቀረበ። ተዋናዮቹ የአራዊት መልክ ይዘው የሚናገሩ ቢሆኑም፣ ጅቡና ቀበሮው እነማን እንደ ሆኑ ተመልካቹ ስለ ገባው ነገሩ ሳይወደድ ቀረ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትር ታገደ። ከዚያ በኋላ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን የመሳሰሉ ደራስያን ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ሥራውን እንደ ገና አስነሡት። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ዓመት ወይዘሮ አስናቀች ተወለዱበት የሚባለው ዓመት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴት ተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር። ነገር ግን በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ በመምህራንና በወላጆች ፊት መጫወት ሌላ ነው፤ ደመወዝ እየተቀበሉ፣ ትኬት ቈርጦ በሚገባ ሕዝብ ፊት በየሳምንቱ መቆም ሌላ ነው።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍል የፍቅር ጮራ የተባለውን ቴአትር ሲያሳይ፣ የሴቲቱን ቦታ ይዛ የወጣችው እውነተኛ ሴት ነበረች። ወይዘሮ አስናቀች ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት ብዙም አይርቅም። በእኛ ዕድሜ ማለት ነው። ሙያዬ ብለው ገብተው በመድረክ የቆሙ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይ የሚባሉት ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው።

ይህን ስንጽፍ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ መስሎ እንዲታይ አንፈልግም። በትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ውስጥ ሴት ተማሪዎች አሉ፤ ነገር ግን በልምምድ ቀን መጥተው በዝግጅቱ ቀን የሚቀሩ አሉ። ምክንያቱን ብንጠይቅ ቤተሰብ አልፈቀደም የሚል ነው። ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ደግሞ ወሬው ወደ ቤት በሌላ መልክ እንዳይደርስ ይሠጋሉ። ወላጆችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሴት ልጅ ምሽት ላይ ከልምምድ ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ እንደሚያሠጋ እናውቃለን፤ የዘመሮ ብርድና ጉምም የታወቀ ነው። ግን ልምምዱ በቀን ሆኖ እንኳ እምቢታው የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ የእናትን ቦታ የሚይዝ ስለ ታጣ ከመካከላችን አንዱ ወንድ ነጠላ ተከናንቦ ተጫውቷል። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እናትየዋ የምትሞትበት ቦታ ላይ ሳይቀር ሣቀ። የፍቅር ጮራ ከታየ ከ70 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስም ተከፈተ። ሕንፃው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ነበር፤ ተስፋፍቶና አምሮ ሲያልቅ ከ1,000 ሰው በላይ የሚይዝ ሆነ። በምርቃቱ የታየው የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት ዳዊትና ኦርዮን ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃና የቴአትር ክፍል ወደዚህ አዳራሽ ሲዛወር ወይዘሮ አስናቀችም አብረው ተዛወሩ፤ የሙያ ዘመናቸውንም አብዛኛውን ያሳለፉት በዚሁ ቤት ነው።

እንዲህ ባለ አዳራሽ መጫወት ቀላል አይደለም። ዛሬ ካሜራ ወደ ፊት ቀርቦ የዓይን እንባ ያሳያል፤ በመድረክ ላይ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ፊትን ሳይሆን የትከሻን መውደቅ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ፣ የአረማመድን ለውጥ ነው። ድምፅም ከሆድ ወጥቶ እስከ ሰገነቱ መድረስ አለበት፤ ሹክሹክታ እንኳ ቢሆን መሰማት አለበት። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ቴአትር ብዙውን ጊዜ በግጥም የተጻፈ ስለ ነበር፣ ቃሉን በቃል መያዝ ብቻ ሳይሆን ቤት እንዳይመታ አድርጎ ሳይሆን ቤት እየመታ እንደ ተራ ንግግር ማስመሰል ይጠይቅ ነበር። ወይዘሮ አስናቀች ለዚህ ክራሩ ሳይጠቅማቸው አልቀረም እንላለን። ክራር እየመታ የሚዘፍን ሰው የግጥምን ምት በጣቱ ስለሚያውቀው የት ቆም ማለት እንዳለበት አይጠፋውም።

በቴአትር ቤቱ ሥራቸው ሁለት ወገን ነበር፤ በድርሰቱ ውስጥ ተዋናይ ናቸው፤ በሙዚቃው ዝግጅት ደግሞ ክራራቸውን ይዘው ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ያ ዘመን ትላልቅ የናስ ጥሩምባ ያላቸው ኦርኬስትራዎች የገነኑበት ዘመን ነበር፤ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አዳራሹን ሲያናጉት፣ አንዲት ሴት በ6 ክር ያንኑ አዳራሽ ዝም አሰኝታ መያዟ ትልቅ ነገር ነው። ቀልድ አዋቂ፣ አለባበስ አዋቂ፣ ነገርን በሰምና ወርቅ አሽሞንሙነው መናገር የሚችሉ ነበሩ። ስለ ውበታቸውና ስለ ፍቅር ሕይወታቸውም በከተማው ብዙ ተወርቷል፤ ይህ የትምህርት ቤት መጽሔት ስለ ሆነ እኛ ወሬውን ለወሬኛ ትተናል። ሆኖም ለወንድ ዘፋኝ እንደ ዝና የሚቈጠረው ነገር ለእርሳቸው እንደ ነውር ይቈጠር እንደ ነበር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ስቱዲዮ የተከፈተው በአዲሱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። ወይዘሮ አስናቀችን ለመድረክ ያበቃው ያው ማዘጋጃ ቤት፣ ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ በአዲስ ቤት የቴሌቪዥን አስተናጋጅ ሆነ ማለት ነው። ሥርጭቱ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ፣ በጥቁርና ነጭ ነበር፤ ባለ ቀለም የሆነው 20 ዓመት ቈይቶ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው። የሚታየውም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሲሆን፣ መንዝ ድረስ የሚመጣበት ጊዜ ገና ሩቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው ዝግጅት ተጫዋቾቹ ስቱዲዮ ገብተው በቀጥታ የሚያሳዩት ስለ ነበር፣ እንደ መድረኩ ሁሉ ታይቶ ይጠፋል። ከዚያ ዘመን በፊልም የተረፈው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሀብቱ ነገር መጣን። ጓደኞቻችን መጀመሪያ የጠየቁን ይህንኑ ነበር፤ ስንት ብር ነበራቸው የሚል ነው። መልሱን ከመስጠታችን በፊት በዚያው ዘመን በሌላ አገር የሆነውን ብናይ ይጠቅማል። ወይዘሮ አስናቀች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው አንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ በአሜሪካ ሉሲል ቦል የተባለች ተዋናይ በቴሌቪዥን የቀልድ ድራማ ጀመረች። የቴሌቪዥን ጣቢያው ዝግጅቱ በቀጥታ እንዲተላለፍ ፈልጎ ነበር። እርስዋና ባልዋ ግን በፊልም እንዲቀረጽ፣ ከደመወዛቸውም ጥቂት ተቀንሶ ፊልሙ የእነርሱ ንብረት እንዲሆን ተደራደሩ። የሚያስቅ ውል ይመስል ነበር፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ሁለተኛ ማን ያየዋል? ነገር ግን ሕዝቡ ደጋግሞ ማየት ወደደ፤ ፊልሙም ደጋግሞ ተሸጠ። በዚሁ ገንዘብ የፊልም ስቱዲዮ ገዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የባልዋን ድርሻ ጠቅልላ ገዛች፤ በ1967 ኩባንያው በ17 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሉሲል ቦል እ.ኤ.አ. በ1989 ስትሞት ከታወቁት ባለ ሀብት ተዋናዮች አንዷ ነበረች።

ከዚህ የምንረዳው የተዋናይ ሀብት ከችሎታው ብቻ እንደማይመጣ ነው። የሥራው ቅጂ ማን እጅ ነው? ጥያቄው ይህ ነው። በመንዝ እናቶቻችን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ አባቶቻችን ባና ይሠራሉ፤ ባናው ግን አንድ ጊዜ ለነጋዴ ከተሸጠ በኋላ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ በስንት እንደ ተሸጠ ፈታይዋ አታውቅም፤ ቢወደድም አይደርሳትም። የቴአትር ተዋናይ ደግሞ ከፈታይም ትብሳለች፤ የእርስዋ ሥራ መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። በማግስቱ ደመወዝ ካልሆነ በቀር የምትሸጠው ነገር የላትም። ወይዘሮ አስናቀች የመንግሥት ቴአትር ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ኑሯቸው በወር ደመወዝ የተመሠረተ ነበር።

ዘፈኑስ? ዘፈን እንኳ በሸክላ ይቀረጻል፤ ሸክላውም ይሸጣል። ነገር ግን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በንጉሥ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን በድፍረት ሰብሮ የግል የሸክላ ማሳተሚያ የጀመረው አምኃ እሸቴ ሲሆን፣ ጊዜውም 1961 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ዘፋኙ የሚያገኘው በቀረጻው ቀን የተቈረጠለትን ክፍያ እንጂ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረም። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ማንም ባለ ሱቅ በሁለት ቴፕ እየገለበጠ ይሸጥ ጀመር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት የሚናገር ክፍል አለው፤ ስለ ከዋኙ ማለትም ስለ ተዋናዩና ስለ ዘፋኙ መብት በግልጥ የደነገገው ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ይህ አዋጅ ሲወጣ ወይዘሮ አስናቀች ወደ 70 ዓመት ተጠግተው ነበር።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ወይዘሮ አስናቀች በስማቸው እንጂ በሀብታቸው የሚነሡ ሰው አልነበሩም። ይህን ስንል ግን ድኻ ነበሩ ብለን ለማሳዘን አይደለም። በገዛ ሙያቸው ራሳቸውን ችለው፣ የማንንም እጅ ሳያዩ፣ በአማረ ልብስ ደምቀው የኖሩ ሴት ነበሩ። በዚያን ዘመን አብዛኛዋ ሴት በስምዋ አንድ ብር ሳይኖራት ትሞት ስለ ነበር፣ የራስን ደመወዝ በራስ እጅ መቀበል ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመካከላችን አንዲቱ ይህን አንቀጽ ስታነብ ከ17 ሚሊዮኑ ይልቅ የሚገርመው ይህ ነው አለች፤ እኛም ሳንከራከር ተቀበልን።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ቴአትር ቤቱም ስሙ ተለውጦ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር ስድሳ ያህል ባለ ሥልጣኖች ከተገደሉ በኋላ የከተማው ምሽት ተለወጠ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በየምሽት ቤቱ እስኪነጋ ይሰማ የነበረው ሙዚቃ ጸጥ አለ። ብዙ ሙዚቀኞች አገር ጥለው ተሰደዱ። ወይዘሮ አስናቀች ግን በአገራቸው ቀሩ። ክራር ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ብዙ ተጫዋችም አይፈልግም፤ ኦርኬስትራ በተበተነበት ጊዜ እንኳ አንድ ሰው ይዞት ቁጭ ማለት ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የኢትዮጵያን የቈዩ ሸክላዎች እየፈለገ፣ ኢትዮፒክስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በተከታታይ ያሳትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 16ኛው ሲዲ በሙሉ የወይዘሮ አስናቀች ነው፤ ርእሱም ባለ ክራሯ እመቤት ማለት ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ እንደ ኢየሩሳሌም የተሰኘው ይገኝበታል። በፓሪስና በለንደን አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች ይህን ሲዲ ገዝተው አዳመጡ፤ በጋዜጦቻቸውም ጻፉበት። በእኛ ክበብ ይህን ሲዲ በስልክ አውርደን አዳምጠነዋል። በመጀመሪያ ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ ድምፁ ሸካራ ነው፣ ቅጂው ያረጀ ነው አልን። በሦስተኛው ጊዜ ግን አንዱ ተነሥቶ ይደገም አለ፤ ክራሩ ዘፈኑን የሚከተል ሳይሆን ከዘፈኑ ጋር የሚከራከር መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው። ሙዚቃ ለምናጠና ልጆች የምንመክረው፣ ድምፁን ለጊዜው ትተው ጣቶቻቸውን ብቻ እየተከተሉ እንዲያዳምጡ ነው። ስንኙ አልቆ ድምፃቸው ሲያርፍ ክራሩ አያርፍም፤ ያላለቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ጥቂት ይናገርና እንደ ገና ቦታውን ይለቅላቸዋል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወይዘሮ አስናቀች በሕመም ላይ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር መጀመሪያ፣ የዘመን መለወጫ በዓል እንዳለፈ፣ በአዲስ አበባ አረፉ። ዕድሜያቸው 76 ገደማ ነበር። ዕረፍታቸው በራዲዮና በቴሌቪዥን ተነገረ፤ በመድረክ አይተዋቸው የማያውቁ ወጣቶች ሳይቀሩ ዘፈኖቻቸውን ፈልገው ማዳመጥ ጀመሩ።

ራሔል ሳሙኤል የተባለች የፊልም አዘጋጅ ስለ ሕይወታቸው አስኒ የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ድፍረታቸው፣ ፍቅራቸውና ውበታቸው የሚነገርበት ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ በአገር ውስጥም በውጭም ታይቷል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት ሥራ መጋረጃው ሲዘጋ የሚያልቅ ነበርና፣ ቀርቶ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ስለ እርሳቸው የተሠራው በመጨረሻ ነው። ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ ለማየት ግን አልደረሱም።